«ተነስ» ያለኝን ሁሉ የታዘዝኩበት ዓመት

ይህን የምጽፈው በሽታዬን አሸንፌ ጀግና ስለሆንኩ አይደለም። ዛሬም የሞተር ሳይክል ድምፅ ድንገት ስሰማ ከመንገዱ ወጥቼ ግድግዳ እጠጋለሁ። የምጽፈው እንደኔ ሰውነቱ ለሌላ የሚታዘዝበት፣ አፉ ያላሰበውን የሚናገርበት ሰው በየሰፈሩ ስላለ ነው። እኔ የራሴን በሽታ ሳላውቅ ከዓመት በላይ ቆየሁ። የከፋው ግን መታመሜ አይደለም። የከፋው፣ በታመምኩበት ጊዜ ያበላችኝን ሴት በገዛ አፌ ቡዳ ናት ብዬ ማዋረዴ ነው። ይህን ሳስታውስ እስካሁን ክው እላለሁ።

ስሜ ጥጋቡ ነው፤ የመተማ ልጅ ነኝ። ክረምት በመጣ ቁጥር ድንበር እየተሻገርኩ ሱዳን ውስጥ መፋዛ አካባቢ ሰሊጥ አርማለሁ፣ ሲደርስም አጭዳለሁ። ታላቅ እህቴ አስናቀች ገዳሪፍ ከተማ፣ ሐበሻ በሚበዛበት ሰፈር ትኖራለች። እታለም ነው የምላት። እናታችን ከሞተች ወዲህ እናቴም እህቴም እሷ ናት።

ያን ዓመት አጨዳው አልቆ ከጓደኛዬ ከሙሉቀን ጋር ወደ መተማ ስንመለስ ሽፍቶች መንገድ ላይ ያዙን። ዘጠኝ ቀን ጫካ ውስጥ አቆዩን። ቤተሰብ የተጠየቀውን ከፍሎ አስወጣን፤ ስለ ገንዘቡ ምንም አልልም። አለቃቸው አንድም ቀን ሲጮህ አልሰማሁትም። በሞተር ይመጣል፣ ሞተሩን ያጠፋል፣ ጣቱን ያንቋቋና ቀስ ብሎ «ተነስ» ይላል። እንነሳለን፣ እጃችንን ራሳችን ላይ እናደርጋለን። «ተቀመጥ» ይላል፤ እንቀመጣለን። የዘገየ ይመታል። በቀን ስንት ጊዜ እንዲህ እንዳደረገን ቆጥሬ አላውቅም። በመጨረሻው ቀን ደግሞ ሌላ ነገር አዘዘኝ። እሱን ቆይቼ እነግራችኋለሁ፤ ያኔ ለእታለም እንኳ አልነገርኳትም።

ስንለቀቅ ሙሉቀን ወደ መተማ ሄደ፣ እኔ ወደ ገዳሪፍ ተመለስኩ። ሳንሰነባበት ነው የተለያየነው።

የመጀመሪያው ምልክት የታየው ገበያ ውስጥ ፉል እየበላሁ ሳለ ነው። ረክሻ የሚሉት የባጃጅ ሹፌር አጠገቤ ተቀምጦ የነበረውን ወንድሙን በዐረብኛ «ጉም!» አለው፤ ተነስ ማለቱ ነው። የተነሳሁት እኔ ነኝ። ጉርሻዬን አፌ ውስጥ እንደያዝኩ፣ ሁለት እጄን ራሴ ላይ አድርጌ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም አብሬ ሳቅኩና ተቀመጥኩ። ልነሳ ግን አላሰብኩም ነበር። እግሬ እኔን ሳይጠይቅ ነው የተነሳው።

ከዚያ በኋላ እየባሰ ሄደ። እታለም ጠዋት «ተነስና ብላ» ስትለኝ ከአልጋ ወርጄ እጄን ራሴ ላይ አድርጌ እቆማለሁ። «ተቀመጥ» እስክትለኝ አልቀመጥም። ማታ ያልበኛል፣ ያንቀጠቅጠኛል። እሷም መጀመሪያ የምቀልድ መስሏት ተቆጣች፣ ቀጥላ አለቀሰች፣ በኋላ ደግሞ ዘዴ ፈጠረች። ትእዛዝ የሚመስል ቃል ከአፏ እንዳይወጣ ተጠንቅቃ እንደ ጳጳስ ታናግረኝ ጀመር።

«ጥጌ፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከአልጋህ ብትወርድና እንጀራ ቢጤ ብትቀምስ ደስ ይለኝ ነበር» ትለኛለች። ሁለታችንም እንስቃለን። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች።

ሐኪም ቤት ሄድን። ላቡንና መንቀጥቀጡን ያየ ሁሉ «መላሪያ ነው» አለ። ደሜን መርምረው ምንም ሲያጡ እንኳ ለጥንቃቄ እያሉ የወባ መድኃኒት ሰጡኝ፣ ዋጥኩ። ሌላው ታይፎይድ ነው አለ፣ ዋጥኩ። ሦስተኛው «ውጣ» ብሎኝ በራፉ ላይ እጄን ራሴ ላይ አድርጌ ደርቄ ስቆም አየና የሚጥል በሽታ ነው ብሎ የሚያደነዝዝ ክኒን አዘዘልኝ። ለሦስት ሳምንት የማውቀው ነገር ቢኖር ግድግዳው ነጭ መሆኑን ነው። የእታለም የጆሮ ወርቅ በዚያ ሰሞን ከጆሮዋ ላይ ጠፋ። የት ሄደ ብዬ አልጠየቅኳትም፣ አውቀዋለሁና። በሐኪሞቹ አልፈርድም። ምን ደረሰብህ ብሎ የጠየቀኝ አንድ ብቻ ነበር፤ ለእሱም «ምንም» አልኩት።

በዚያ ሁሉ ጊዜ አብራኝ የዋለችው ብርቄ ናት። እማ ብርቄ እኛ ሰፈር ከኒሟ ዛፍ ሥር ሻይ ትሸጣለች። ከሰል ማንደጃ ምድጃም ከጭቃ ትሠራለች፤ ሸክላ ከአባቷ የወረሰችው ሙያ ነው። እታለም ወደ ሥራ ስትሄድ እሷ ዘንድ ታስቀምጠኛለች። ብርቄ ሲፈጥራት አዛዥ አይደለችም። ሻዩን ፊቴ ታስቀምጥና የሰፈሩን ወሬ ትጀምራለች፤ ከፈለግኩ እጠጣለሁ፣ ካልፈለግኩ ይቀዘቅዛል፣ ሌላ ትቀዳልኛለች። ምሳዋን ለሁለት ከፍላ ግማሹን ወደኔ ትገፋለች። እሷ አጠገብ እጄ ራሴ ላይ ወጥቶ አያውቅም ነበር።

ይህንኑ ሰው አየው። ሸክላ ሠሪ ሴት የታመመ ሰው ስታበላ! እኛ አገር ስለ ሸክላ ሠሪና ስለ ቀጥቃጭ የሚወራውን ታውቁታላችሁ። ድንበር ስንሻገር ሰሊጥ ማጨጃችንን ብቻ ይዘን የመጣን ይመስለናል እንጂ ያንን ወሬም አዝለነው ነው የመጣነው።

አያ ተገኘ የሚባሉ ሰው ነበሩ። መፋዛ እርሻ ላይ የሠራተኛ ኃላፊ የነበሩ፣ ሰፈሩ የሚያከብራቸው ትልቅ ሰው ናቸው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ እንዲያውም ከመንገድ ላይ ደግፈው ቤት ያስገቡኝ ቀን ብዙ ነው። እታለምን «ልጄ፣ ይኼ የሐኪም በሽታ አይደለም። ወንድምሽ ተበልቷል። የበላው ይለፍልፍና ይውጣለት» አሏት። እታለም ሁለት ቀን እምቢ አለች። በሦስተኛው እሺ አለች። ጎርፍ የሚወስደው ሰው አረፋ ይጨብጣል።

አንድ እሑድ ከቀትር በኋላ ቤታችን ውስጥ ጎረቤት ተሰበሰበ። የቆዳ ቁራጭና ነጭ ሽንኩርት ፍሙ ላይ ጣሉ። ነጠላ ከነራሴ አከናነቡኝና ጭሱ ውስጥ ደፉኝ። አያ ተገኘ የግራ አውራ ጣቴን ጨብጠው ያዙ፤ በውስጤ ያለው እንዳያመልጥ ነው። ሳልኩ፣ አለቀስኩ፣ ትንፋሽ አጠረኝ። ከዚያ ጥያቄው ጀመረ።

«ማን ነህ? ተናገር!»

በቀኝ እጄ ነጠላውን ከአፌ ላይ ገፋሁት። 

«ከየት ያዝኸው? ተናገር እልሃለሁ!»

ውጭ፣ መንገዱ ላይ ሞተር ሳይክል መጥቶ ቆመ። ሞተሩ ጠፋ። ያኔ ውስጤ የነበረው ሰው፣ ማለቴ እኔ፣ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ነገሩን ሁሉ አያለሁ፣ እሰማለሁ፤ ግን መሪው በእጄ አልነበረም።

«ሴት ነሽ ወንድ?»

«ሴት» አለ አፌ። በጆሮዬ ሰማሁት።

«የምታበላው ናት? ብርቄ ናት? በይ ተናገሪ!»

«ብርቄ ነኝ» አለ አፌ።

 «ኧግ!» አለች አንዲት ሴት። አያ ተገኘ «ብርቄ ነኝ በይ፣ ድገሚ» አሉ፤ ደገምኩ። «ልብሱን ነክቼ ነው የያዝኩት በይ» አሉ፤ አልኩ። በዚያች ሰዓት የገዛ አባቴን ቡዳ ነው በል ቢሉኝ እል ነበር። እነሱ ያላሉትን አንዲት ቃል አልጨመርኩም፣ ያዘዙኝንም አንዲት ቃል አላስቀረሁም። በሽታዬ መታዘዝ ነበር፤ እነሱ ደግሞ በትእዛዝ ሊያድኑኝ ተቀመጡ። ይህን ያን ቀን ማን ያውቃል? እኔም አላውቅም ነበር።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። በማግሥቱ ከኒሟ ሥር ሻይ የሚጠጣ ሰው አልነበረም። በሳምንቱ አንድ ሰው ጭቃ ምድጃዎቿን በእርግጫ ሰባበረባት። ብርቄ ማንንም አልረገመችም፣ አላስረዳችም። ዕቃዋን ሰብስባ ከመናኸሪያው አጠገብ ማንም የማያውቃት ቦታ ሄደች አሉ። እታለም ይህን ስትነግረኝ በነጠላዋ አፏን ይዛ ነበር። «እውነት እሷ ናት እንዴ ጥጌ?» አለችኝ። አይደለችም ልላት ፈልጌ ተውኩት። አይደለችም ካልኩ፣ ማን ነው በአፌ የተናገረው?  ደግሞም ስሟ ከወጣ በኋላ አልዳንኩም፤ ጭራሽ ባሰብኝ። አያ ተገኘ ይህንንም «አልለቅ ብላ ነው» አሉ።

አሁን የምነግራችሁ ነገር ያስቃችሁ ይሆናል። መፋዛ ሳለን ሙሉቀን ስልኬ ላይ አንድ ጨዋታ ጭኖልኝ ነበር። የንጉሥ ልጅ የሆነ፣ የብር ጥሩር የለበሰ ባለ ሰይፍ ጀግና አለ። ጽሑፉ በዐረብኛ ስለሆነ እኛም «ፋሪስ» ነበር የምንለው፤ ፈረሰኛ እንደማለት። ደግ ነው፣ ድሃ አይነካም፣ ከጓደኞቹ ጋር ጠንቋይ ያሳድዳል። ማታ ማታ ደክሞን ተጋድመን እንፎካከርበታለን። ሙሉቀን ሁልጊዜ ይበልጠኝ ነበር። ያን ስልክ ሽፍቶቹ ወሰዱት፤ እታለም ከቤት እንዳልወጣ ብላ ርካሽ ስልክ ስትገዛልኝ ያንኑ ጨዋታ ጫንኩት።

አንድ ቀን ሙሉቀን ብቻ ደርሶበት የነበረው ቦታ ላይ ደረስኩ። ጠንቋዩ ለፋሪስ የብረት ጭምብል ያጠልቅለታል። ከዚያ በኋላ ፋሪስ የራሱ አይደለም። ወደ ግራ ስለው ወደ ቀኝ ይሄዳል። ጠንቋዩ ጣቱን ያንቀሳቅሳል፣ ፋሪስ ይነሳል። ሰይፉን መዝዞ ወደ ገዛ ጓደኛው ይዞራል። እጁ ይመታል፣ ከጭምብሉ ሥር ግን እንባው ይወርዳል።

ስልኩን ወርውሬ ግድግዳ ላይ አጋጨሁት።  ያ ሰው እኔ ነኝ! ዓመት ሙሉ ለሐኪም ልናገረው ያልቻልኩት ነገር፣ ለልጆች ተብሎ በተሠራ ጨዋታ ላይ ተስሎ ተቀምጧል። መስተዋቱ መሰንጠቁን እንኳ ያየሁት በማግሥቱ ነው።

ትልቁ ሐኪም ቤት እንደገና የሄድኩት ያን ሰሞን ነው። ጦርነቱ ከካርቱም ያፈናቀለው ሰው ሁሉ ገዳሪፍ ገብቶ መቀመጫ የለም፤ ኮሪደሩ ላይ በተራ መሬት ላይ እንቀመጣለን። ጥበቃው መጣና «ተነሱ፣ መንገድ ልቀቁ» ሲል እንደ ልማዴ ተነሳሁ፣ እጄን ራሴ ላይ አደረግኩ። ሁሉም ተመልሶ ሲቀመጥ እኔ ቆሜ ቀረሁ። አጠገቤ የነበሩ በሐምዳይት በኩል የተሰደዱ አንዲት የትግራይ እናት ቀና ብለው አዩኝ። አልሳቁም፣ አልደነገጡም። ተነሥተው እጄን ከራሴ ላይ በሁለት እጃቸው አወረዱልኝና «ኣይዞኻ ዝወደይ» አሉኝ፤ አይዞህ ልጄ ማለታቸው ነው። ከያዙት ዳቦ ቆርሰው ሰጡኝ። ከዚያ በአማርኛ «የኔም ልጅ እንዲህ ነበር። ቱነይድባ ካምፕ አንድ ሰው አለ፤ መድኃኒት የሚሰጥ ሳይሆን ሰው የሚሰማ። ሂድ» አሉኝ። ስማቸውን ሳልጠይቅ ተራቸው ደረሰና ገቡ። እኔ ተራዬን ጥዬ ወጣሁ።

ቱነይድባ ያለው ሰው አቶ ኪዳነ ይባላሉ። እሳቸውም ስደተኛ ናቸው፣ አገራቸው አስተማሪ ነበሩ፤ የሰው ጭንቀት መስማት ሠልጥነው ክሊኒኩ ውስጥ ይሠራሉ። የቆርቆሮ ክፍላቸው ውስጥ ሙቀቱ ያፍናል። «ምን ሆንክ?» ሲሉኝ እንደ ልማዴ «ምንም» ልል ነበር። ስልኬን አውጥቼ ጨዋታውን ከፈትኩና ፊታቸው አስቀመጥኩት።

«እንዲህ ሆንኩ» አልኳቸው።

መነጽራቸውን አድርገው በተሰነጠቀው መስተዋት ላይ ጎንበስ ብለው አዩ። ጭምብሉ ወረደ፣ ፋሪስ ዞረ፣ እኔ ሰይፉን ለመመለስ ቁልፎቹን መደብደብ ያዝኩ፣ ፋሪስ ጓደኛውን መታ፣ ተሸነፍኩ። አቶ ኪዳነ «ጓደኛውን መታው» አሉ።

«መታው» አልኩ።

«አንተስ?»

ያኔ ወጣ። በዘጠነኛው ቀን አለቃው በሞተሩ መጥቶ ዱላ ሰጠኝና ወደ ሙሉቀን አመልክቶ «ምታው» አለኝ። መታሁት። አንዴ ብቻ አይደለም። «በቃ» እስኪለኝ ድረስ መታሁት። ሙሉቀን ጭንቅላቱን በክንዱ ሸፍኖ ብቻ ቆየ። ይህን ስናገር እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅኩ። አቶ ኪዳነ አልመከሩኝም፣ አልፈረዱብኝም። ውሃ ሰጡኝ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ አሁን ገና ታየ» አሉኝ። ወረቀታቸው ላይ ረጅም ስም ጻፉ። በእኛ ቋንቋ ሲያስረዱኝ፣ ትልቅ ፍርሃት ካለፈ በኋላ ሰውነት ማለፉን ሳያውቅ ሲቀር ነው አሉ። ጋኔንም፣ ቡዳም፣ እብደትም አይደለም። ያ ሽፍታ ሄዷል፤ ሰውነቴ ግን አሁንም ፊቱ ቆሟል።

ከዚያ ደግሞ ወደ ስልኩ ተመለሱ፤ ያንኑ ቦታ እንደገና ጀመርኩት። ጨዋታ የሚባል ነገር ይዘው አያውቁም። «ይኼን ሰውዬ ያ ጠንቋይ ያዘዋል፣ አንተም ታዘዋለህ። ሁለት አለቃ አበዛችሁበት። እስቲ እጅህን ከስልኩ ላይ አንሳና ተወው» አሉኝ። እጄን አነሳሁ። ፋሪስ ሰይፉን እንደያዘ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ጓደኛው ፊት ቆሞ ተንቀጠቀጠ፣ ተንቀጠቀጠ። አልመታም። ጭምብሉ ተሰነጠቀ። እኔና አቶ ኪዳነ ተያየን። እንደኔ እሳቸውም ደንግጠው ነበር።

ጨዋታ መድኃኒት ነው እያልኩ አይደለም፤ ሌሊቱን ሙሉ ስልክ ላይ ማፍጠጤ እንቅልፌን እንዳባሰው ኋላ ነግረውኛል። ያዳነኝ ልምምዱ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ለወራት፣ በጭነት መኪናም በአውቶቡስም ቱነይድባ እመላለስ ነበር። የክሊኒኩ ሐኪም ማታ የምወስዳት አንዲት ክኒን ጨመረችልኝ፤ ላቡ ቀነሰ። አቶ ኪዳነ ወንበር ላይ ያስቀምጡኝና «አሁን ተነስ ልልህ ነው። ብትነሳም ግድ የለም» ይላሉ። ከዚያ «ተነስ!» ይላሉ። እነሳለሁ። ይስቃሉ፣ እስቃለሁ፣ እቀመጣለሁ። እግሬ መሬቱን ሲረግጥ እንዲሰማኝ፣ በዓይኔ ያየሁትን አምስት ነገር እንድጠራ፣ ከዚያ እንድጠብቅ አስተማሩኝ። አንድ ቀን «ተነስ!» አሉኝ። ቆርቆሮውን ጠራሁ፣ ማሰሮውን፣ የበሩን ሽቦ፣ ጫማዬን፣ መነጽራቸውን። ቀና ስል አሁንም ተቀምጫለሁ። አልጮህኩም። ትንፋሼን ከሰበሰብኩ በኋላ እንባዬ መጣ።

ለሙሉቀን ይቅር በለኝ ብዬ ድምፄን ቀርጬ ላኩለት። ሰምቶታል፤ ስልኩ ያሳያል። እስከ ዛሬ አልመለሰም። መብቱ ነው።

የቀረችኝ ብርቄ ነበረች። አቶ ኪዳነ ሂድ አላሉኝም፤ ማዘዝ ትተዋል። መጀመሪያ አያ ተገኘ ዘንድ ሄጄ ነገሩን ሁሉ ነገርኳቸው። «እሷ ናት አሁን በአንተ ላይ ሆና የምትናገረው» አሉኝ። እየተቆጣሁ ወጣሁ። ደግነቱ በመንገዱ ላይ ቁጣው ለቀቀኝ፤ ያን ቃል በአፌ ያስገቡት እሳቸው ቢሆኑ፣ የወጣው ከኔ አፍ ነው።

በማግሥቱ እታለምን ይዤ መናኸሪያው አጠገብ ሄድኩ። ብርቄ ላስቲክ ጥላ ሥር ተቀምጣለች። በጣም ከስታለች። ከሰፈራችን ሰዎች ሦስት አራቱ አውቶቡስ እየጠበቁ ከእሷ ራቅ ብለው ቆመዋል። ስታየኝ ይዛው የነበረውን ማንቆርቆሪያ ምድጃው ላይ መለሰችው። በርጩማውን ስቤ ተቀመጥኩ።

«እማ ብርቄ፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ» አልኩ። ሰዎቹ እንዲሰሙ ድምፄን ከፍ አደረግኩ። «አንቺ አልበላሽኝም፣ አበላሽኝ እንጂ። ይህን ልናገር ነው የመጣሁት።»

በሕይወቷ አዛ የማታውቀው ሴት ብድግ ብላ ጮኸች።

«ተነስ! ከፊቴ ተነስ! እንደገና ልትገድለኝ ነው? ተነስ እልሃለሁ!»

ከኋላዬ እታለም ስትቃትት ሰማሁ። ጉልበቴ ተንቀሳቀሰ። የከሰሉ ፍም። የጭቃው ምድጃ። የላስቲኩ ጥላ። ሰማያዊው አውቶቡስ። የተሰነጠቀው ተረከዟ።

«አልነሳም፣ እማ ብርቄ» አልኳት።

አልተነሳሁም። ቆማ አየችኝ።  ከዚያ ተቀመጠች፣ ብርጭቆ አለቀለቀች፣ ሻይ ቀዳች፣ እንደ ድሮው ፊቴ አስቀመጠችው። ሰዎቹ መጠጣት አለመጠጣቴን ለማየት አንገታቸውን አሰገጉ። እኔ ግን አልጠጣሁም፤ ለምን እንዳልጠጣሁም አልገባኝም ነበር። የነገረችኝ እሷ ናት።

«በል እጅህን ከራስህ ላይ አውርድ» አለችኝ። «ብርጭቆውን በምን ልትይዘው ነው?»